ሥጋ ቀድሞ ልቡና ሲከተል

ልጆቼ ሆይ፣ ቁመታችሁ የአባቶቻችሁን ትከሻ ባለፈ ጊዜ ሰው ሁሉ «አደጉ» ብሎ ሲመሰክርላችሁ፣ ምስክርነቱ ስለ ሥጋችሁ እውነት ቢሆንም ስለ ልቡናችሁ ግን ገና ያልተፈጸመ መሆኑን ሳትከፉ ታስተውሉ ዘንድ እለምናችኋለሁ። ፈጣሪ ሥጋና ልቡና በአንድ ቀን እንዲጎለምሱ አላደረገምና፤ ብዙው ሰው በ18 ወይም በ20 ዓመት አካባቢ ቁመቱን ሲጨርስ፣ ከግንባር በስተኋላ ያለው፣ ፈቃድን የሚገታውና የነገን መዘዝ ዛሬ የሚመዝነው የአንጎል ክፍል ግን እስከ 25 ዓመት ግድም፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አልፎ፣ ሥራውን እያቀና ይኖራል። ጄይ ጊድ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የልጆችንና የወጣቶችን አንጎል፣ ራስ ቅል ሳይከፈት ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ በየጊዜው እያነሣ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ካሳተመ ወዲህ ነገሩ በሥዕል የሚታይ ሆኗል።

ፍትወትና ድፍረት፣ የክብርም ጥማት የሚነሡባቸው ክፍሎች ከሚገታው ክፍል ቀድመው ስለሚነቁ፣ ወጣት አዲስ የተመረገ ቤት ይመስላል፤ ጣሪያው ተከድኖ በሩ ተገጥሞ ላየው ያለቀ ነው፣ ግድግዳው ግን ገና እርጥብ ነውና ብልህ ባለቤት ከባድ ዕቃ አይሰቅልበትም። ይህን ስል ወጣትነትን መናቄ አይደለም፤ ሙያ ለመልመድም ሆነ ቅኔ ለመቁጠር የሚያመቸው ይኸው ያልደረቀው ዕድሜ ነውና።

የዮሴፍን ታሪክ በዚህ ዓይን መርምሩት። በ17 ዓመቱ ያየውን ሕልም፣ የወንድሞቹ ነዶዎች ለእርሱ ነዶ ሲሰግዱ ማየቱን፣ ለሚጠሉት ወንድሞቹ ያለ አንዳች ጥንቃቄ ተረከላቸው፤ ሕልሙ እውነት ነበር፣ አነጋገሩ ግን የብላቴና ነበር፣ ዋጋውንም ጉድጓዱና የእስማኤላውያን ግመሎች ነገሩት። ያው ዮሴፍ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ሲቆም ግን ሕልሙን ፈትቶ ብቻ አልተወም፤ በጥጋቡ 7 ዓመት ከእህሉ አምስተኛው እጅ እንዲከማችና ለረኃቡ 7 ዓመት እንዲጠበቅ መከረ። ሕልም የመፍታት ጸጋው በወህኒ ቤትም ነበረው፤ በመካከሉ ባለፉት 13 ዓመታት የተጨመረለት መታገሥና ነገን ማሰብ ነው። ዳዊትም የነገሠው በ30 ዓመቱ መሆኑን፣ ጌታችንም ወደ ዮርዳኖስ የወረደው 30 ዓመት ያህል ሲሆነው መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገር ግን «25 ዓመት እስኪሞላኝ አልጠየቅም» የሚል ሰነፍ እንዳይነሣ፣ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ ከእርሱ ጋር ያደጉትን ብላቴኖች ሰምቶ መንግሥቱን ለሁለት ሲያስከፍል 41 ዓመቱ እንደ ነበረ አስታውሱ። ዕድሜ ዕድሉን ይሰጣል እንጂ ልቡናን በግድ አያበስልም። የእኩዮች ነገር ደግሞ በዘመናችንም ተፈትኗል፤ በመኪና መንዳት ጨዋታ የተፈተኑ ወጣቶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚጠነቀቁትን ያህል፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ አልተጠነቀቁም።

ሕጋችን 18 ዓመት የሞላውን ሰው ለአካለ መጠን የደረሰ ይለዋል፤ ሕግ ከአንድ ስፍራ ላይ መስመር መሳብ አለበትና። መፈረም መቻላችሁ ግን መመዘን መቻላችሁን አያረጋግጥም። ስለዚህ ከተደረገ በኋላ የማይመለስ ነገር ሲቀርብላችሁ፣ የአራጣ ብድር ቢሆን፣ የችኮላ ጋብቻ ቢሆን፣ ደላላ በሊቢያ በረሃ ወይም በቀይ ባሕር አሻግሬ አደርሳችኋለሁ ቢላችሁ፣ ሌሊት ሳታሳድሩና እኩያችሁ ካልሆነ ሰው ጋር ሳትመካከሩ እሺ አትበሉ። ለነገ አይደርስም የሚላችሁ ሰው፣ በዚያው ቃሉ ብቻ፣ እምቢ ሊባል ይገባዋል።

ስለ ሥጋችሁ አጭር ቃል ልጨምር፤ የአጥንት ጽናት እስከ 30 ዓመት ግድም እየተጠራቀመ ከዚያ በኋላ እየጎደለ የሚሄድ ሀብት ነውና፣ በእግር መሄድንና ሸክም ማንሣትን፣ ወተትንም አትናቁ። ለፈተና ብላችሁ ጫት ቅማችሁ የምታነጉትን ሌሊት ግን እነቅፈዋለሁ፤ ቀን የተማራችሁት በልቡና የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፣ ምርቃናው ያነበበውን ዱካኩ ይበላዋል።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋው አበው በጨዋነት ዝም ብለው ስላለፉት ነገር ነው። ከአእምሮ ሕመሞች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከ24 ዓመት በፊት ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ከሰው ቢሸሽ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ቢሰማ ወይም ሞትን ቢመኝ፣ ስንፍና ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፣ ብቻውንም አትተዉት፤ ለቤተ ሰቡ ንገሩ፣ በአዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሐኪም አድርሱት። ወደ ጸበል የሚወስዱት እንደ ሆነም መድኃኒቱን እንዳያስተዉት ለምኑ፤ ሁለቱን አስተባብሮ እንዲይዝም የንስሐ አባቱን አማክሩለት።