የሕፃኑን ንባብ ማን ይስማ?

ሕፃንን ንባብ ማስተማር ለሰው ብቻ የተሰጠ ኃላፊነት ነው ወይስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍና ከተቀዳ ድምፅ ተምሮ የሰውን ንግግር እየለየ መልስ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ሊረከበው የሚችል ሥራ ነው የሚለው ክርክር፣ ብዙውን ጊዜ የውጤትና የወጪ ክርክር ሆኖ ይቀርባል። ከዚህ ስሌት የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ሕፃኑ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ የሚያነበው ለማን ነው የሚለው ነው።

በአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ በሥራ ተመልሶ ነበር። ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደሉን ሳያይ እስከ መጨረሻው ሊወርደው ስለሚችል፣ የኔታ ወይም እርሳቸው የወከሉት ከፍ ያለ ተማሪ የለመደውን ቅደም ተከተል አፍርሶ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ በሚለው ሌላ ረድፍ ያስቈጥረዋል፤ በአቡጊዳ ተነባቢውም አናባቢውም በየፊደሉ ስለሚለዋወጥ፣ ልጁ በስንደዶ የሚጠቁመውን ፊደል ማየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ዘዴ ያበጀው ሰው የሕፃንን አፍና የሕፃንን ዓይን ለይቶ ያዳምጥ የነበረ መሆን አለበት።

በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ፊደል ዜማ መዘመር እንደ ጀመሩ፣ በወራት ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ እንደ ከፈቱ ተናግሯል። የልጆቹ ብልሃት የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ዜማውን የያዘ ልጅ ገና አንባቢ እንዳልሆነ አቡጊዳን የሚያስቈጥር የኔታ ቀድሞ ያውቀዋል።

ይህ ማለት ግን የሰው መምህር በመኖሩ ብቻ ሕፃኑ ሰሚ አገኘ ማለት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ በሲዳማ ደግሞ ቁጥሩ ከግማሽ እጅግ ይበልጥ ነበር። በታጨቀ ክፍል ውስጥ ልጆች በኅብረት ሲጮኹ የእያንዳንዱ ስሕተት በጓደኛው ድምፅ ይሸፈናል፤ ሳይሰለች አንዱን ልጅ ብቻ የሚሰማና የሳተበትን ቃል መልሶ የሚያሳየው መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ሕፃን ትልቅ በረከት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍጻሜውን ባገኘው ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በታንዛኒያ 141 መንደሮች ወደ 2,700 በሚጠጉ ሕፃናት ላይ የተሞከሩት የታብሌት ማስተማሪያ ፕሮግራሞች የንባብ መሻሻል ማስገኘታቸው የተመሰከረ ሲሆን፣ የተዘጋጁትም በስዋሂሊ፣ ማለትም ብዙ ጽሑፍና ብዙ ተናጋሪ ባለው ቋንቋ ነበር።

የጌዴኦ ዞን ከተማ በሆነችው በዲላ የሚኖር ሕፃን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ የሆነው ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛና ከከምባትኛ ጋር የሚመደብ የኩሽ ቋንቋ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሠራባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ከላይ በተጠቀሰው የ2002 ምዘና ከተፈተሹት ስድስት ቋንቋዎች ውስጥ ግን አልነበረም። መሣሪያው የሚማረው ከተከማቸ ጽሑፍና ድምፅ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ቋንቋ የሚሰማ ጆሮ ለማበጀት ይቸገራል። ችግሩ ከፊደል ይጀምራል፤ ለምሳሌ «ሲ» የሚባለው የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ የ«ክ» ወይም የ«ስ» ድምፅ ሲሆን፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ አጻጻፍ ግን «ጭ» ተብሎ ይነበባል፤ በእንግሊዝኛ የሠለጠነ መሣሪያ በነዚህ ቋንቋዎች በትክክል ያነበበውን ልጅ «ተሳስተሃል» ሊለው ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ድምፅ እንዲያፍርበት ማድረግ ከማይምነት የማይተናነስ ጉዳት ነው።

የሃይማኖት ሊቃውንትም ስለ መምህር ምንነት ተከራክረዋል። አውግስጢኖስ «ስለ መምህር» በተሰኘው መጽሐፉ የሰው ቃል ጠቋሚ ብቻ እንደ ሆነና እውነቱን የሚያስተምረው በልብ ውስጥ ያለው መምህር፣ ክርስቶስ፣ እንደ ሆነ ከልጁ ጋር እየተነጋገረ ይሞግታል። በዚህ ከተስማማን መሣሪያም ሰውም እኩል ጠቋሚዎች ሆነው ልዩነታቸው የጠፋ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የሚገኘው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ የጎደለውን ያሟላል። ጃንደረባው ፊደል የሚያውቅ፣ መጽሐፉም በእጁ ያለ ሰው ነበር፤ ወደ እርሱ የቀረበው ወንጌላዊ ፊልጶስ በመጀመሪያ ያደረገው ሲያነብ መስማት ነው፤ ቀጥሎ ስለ መረዳቱ ጠየቀው፤ ከዚያም ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ጠቋሚነት ፊልጶስን ከመሣሪያ ላይለየው ይችላል፤ የሚለየው ጃንደረባው ያነበበው ምንባብ የራሱም ሕይወት የተመሠረተበት ነገር መሆኑ ነው። መሣሪያ ልጁ ታሪኩን ቢረዳም ባይረዳም የሚያጣው ነገር የለም።

ከዚህ የተነሣ በጌዴኦ የሰው መምህርንና መሣሪያን ማወዳደር የሚገባው በሌላ ሚዛን ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች የሕዝቡን ዕውቀት ሶንጎ በሚባለው የመሰብሰቢያ ስፍራ እየተነጋገሩበት በቃል አቆይተውታል፤ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተመሰከረላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የተወረሰ ዕውቀት ነው። የላቲኑን ፊደል የማታውቅ እናት ልጇ ስለ እንሰት የተጻፈ ምንባብ ሲያነብላት ፊደሉን ልታርምለት አትችልም፤ ያነበበው ትርጉም ይስጥ ወይም ይሰናከል ግን ወዲያው ታውቃለች፣ «ከዚያስ?» ብላም ትጠይቀዋለች። ስለዚህ በዲላ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ጌዴኡፋን የሚሰማ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው፣ አስቀድሞ የአካባቢውን ሕፃናትና አዛውንት ድምፅ በፈቃዳቸው መቅዳት፣ ቀጥሎም ልጁ በመሣሪያው ፊት ፊደሉን ካቀና በኋላ ያንኑ ገጽ ወስዶ ለቤተ ሰቡ እንዲያነብ የሚያደርግ ሥርዓት ማበጀት ይኖርበታል።