አልጋው ከለሰለሰ በኋላ

የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ሊኖር ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ረሃብን በደንብ ያውቀዋል። ምግብ ባልጎደለበት ቤት ሁለት ዓመት ከኖረ በኋላም ከትራሱ ሥር ደረቅ ዳቦ አይጠፋም። አንዳንዴ ዳቦው ከትንሿ ልጄ ድርሻ የተወሰደ ነው። «ምን ጎደለብህ?» እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ! ጥያቄዬ ትክክል ይመስለኝ ነበር።

እንድጠራጠር ያደረገኝ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የቤተ ሙከራ ወሬ ነው። ሃይድሮጄል የሚባለው ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ እንደ ተዘፈዘፈ አብሽ የሚያሙለጨልጭ ነገር ነው፤ ለስላሳው የዓይን ሌንስም ከዚሁ ወገን ነው። ለሕክምና ምርምር ከሚሠሩት መካከል ብርሃን ሲያርፍባቸው የውስጥ ማሰሪያቸው እየተበጠሰ የሚለሰልሱ አሉ። በእነዚህ አማካይነት ሕያውን ሕዋስ ከቦታው ሳያነሱ የተኛበትን ምንጣፍ መለወጥ ይቻላል።

ሕዋስ ደግሞ የተኛበትን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ገና ሙያው ያልተለየ የመቅኔ ሕዋስ እንደ አንጎል በለሰለሰ ጄል ላይ ወደ ነርቭ፣ በጠንካራው ላይ ወደ አጥንት ያዘነብላል። በ2014 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የክሪስቲ አንሴዝ ቡድን ነገሩን ገፋ አደረገው። ሕዋሳቱን ጥንካሬው 10 ኪሎፓስካል በሆነ ጄል ላይ አኖሩና በብርሃን ወደ 2 አለሰለሱት። በጠንካራው ላይ የቆዩት ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሕዋሳቱ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ተመለሱ። ቆይታቸው ሲረዝም ግን አልተመለሱም፤ ወደ አጥንትነት የሚገፋው ምልክት በውስጣቸው እንደነቃ ቀረ። ለሕክምና የሚፈለጉ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ የሚራቡት በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ በመሆኑ ነገሩ ለሐኪሞችም የዋዛ አይደለም።

መቼም ሰው ሕዋስ አይደለም። ከቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሞራል ሕግ የሚቀዳ ሰው ያስቀኛል። ሕዋስ አይጸጸትም፣ ምክርም አይሰማም። ይሁንና ኑሮ ሲስተካከል ያለፈው አብሮ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ሁሉ የባለቤቱ ጥፋት ብቻ ነው የሚለው እምነቴ ተናግቷል። ስንት ዓመት በጠንካራው ላይ እንደ ተኛ ሳንጠይቅ «አሁን ምን ምክንያት አለው?» እንላለን።

ታዲያ ዝም ልበለው? ልጄ ግን ድርሻዋን አጥታለች፤ የእሱ የትናንት ረሃብ የእሷን ዳቦ አይተካም። ጥፋቱን ጥፋት ካላልኩት እሱን እንደማያስብ ሕዋስ ቆጠርኩት ማለት ነው። ይህ ከቁጣዬም የባሰ ንቀት ይመስለኛል። ስለዚህ የወሰደውን እንዲመልስላት አደርገዋለሁ፤ «ምን ጎደለብህ?» ማለቱን ግን ትቻለሁ። ማታ ማታ አንድ ዳቦ በእሱ ስም ለይቼ አስቀምጥለታለሁ። አንዳንድ ቀን ሳይነካው ያድራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእሱም የልጄም አንድ ላይ ከትራሱ ሥር ይገኛሉ።