ጾምና የስኳር ሕመም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አንዳንድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ ይውላል። ይህ አደጋ ነው። ስኳሩ ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያስታል፤ ይገድላልም። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፤ ነፍስ ማትረፍ ነውና አትፍሩ። የሐዋርያት ቀኖናም ጾምን ሲያዝ ሕመም የከለከለውን ለይቶታል።

ሌላው ደግሞ ውሎ ውሎ ማታ ድንችና ዳቦ ይቆልላል፣ ሻዩን በስኳር ያጣፍጣል። ከሥጋ ርቆ በእህል ይወፍራል፤ ስኳሩም ይጨምራል። ዳንኤልና ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው በጥራጥሬና በውኃ 10 ቀን ቢፈተኑ ፊታቸው አምሮ ተገኘ። እኛስ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ አጣን? መራዊ ገበያ በቆጋ መስኖ የበቀለ ጎመን የለም? እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑን በዛ፣ ዘይቱን ቆጠብ እናድርግ።

እንግዲህ ጾም ሳይገባ ሐኪማችሁን ስለ መድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ጠይቁ፤ ለንስሐ አባታችሁም ሕመማችሁን ንገሩ። ሰዓት ማቆየት ያልቻለ ከጥሉላት ይከልከል፣ አንደበቱን ይጠብቅ፣ ይመጽውት። ጸበሉን ተጠመቁ፤ ኢንሱሊኑን ግን አትተዉ። ሁለቱም ከአንድ አምላክ ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።