መውረድን ተማር

ልጄ፣

«ጋሼ፣ ከደሴ መካነ ሰላም በሳይክል በአንድ ቀን እገባ ይሆን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አትገባም። መንገዱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ በደጋ አገር ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም አይነግርህም። በአውቶቡስ መስኮት ያየኸውን ዳገት በጉልበትህ ስታየው ሌላ አገር ይመስልሃል። ለሁለት ክፈለውና የመጀመሪያውን ሌሊት አቀስታ እደር። የምመክርህም ስለዚያች የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ለሁለተኛዋ ቀን አስተማሪዋ የመጀመሪያዋ ናት።

ሳይክል ያስተማሩህ ሰዎች ያስተማሩህ መውጣትን ነው። እኔ የምነግርህ ስለ መውረድ ነው።

የመጀመሪያው መውረድ ገና ሳትነሳ ነው። በዋዜማው መናኸሪያ ሂድና ሾፌሮቹን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቅ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፊታቸውን ካጨፈገጉ ሳይክልህን መልሰህ ግድግዳው ላይ ስቀል። መንገዱ የትም አይሄድም። ጾመኛ ከሆንክም፣ በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ፣ ለዚህ ጉዞ ሌላ ወቅት ፈልግለት። ከወቅቱ ሁሉ የምወደው ጥቅምትን ነው፤ ክረምቱ አልፏል፣ አየሩ ጠርቷል፣ ገብሱም ገና ማሳ ላይ ነው። በልግ ግን አትመነው፤ ወሎ ውስጥ መጋቢትና ሚያዝያም ዝናብ አላቸው።

ስለ ዕቃው አላበዛብህም። ፍሬን፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ የምንላቸውን ቃላት ከጣሊያኖች ተቀብለናል። ቃሉን ይዘን ቀርተናል እንጂ ጎሚስታው መንገድህ ላይ ባለው በጉጉፍቱ ዳገት ተቀምጦ አይጠብቅህም። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ መጣፊያ ከነማስቲሹ፣ ፖምፓና መፍቻ ያዝ። ለስንቅ ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ከውሃና ከትንሽ ጨው ጋር ስትበጠብጠው ሆድም ልብም ይይዛል። ቆሎውን ኪስህ ውስጥ አድርገው። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ። ጠላ ቢያቀርቡልህ አመስግነህ ለማታ አቆየው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከደሴ ውጣ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉጉፍቱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ወሎ ተወልደህ ብታድግም ሳንባህ ሒሳቡን ይከፍላል። ሁለተኛው መውረድ እዚህ ላይ ነው። መናገር ካቃተህ ከሳይክሉ ውረድና ግፋ። እረኞች ይስቁብህ ይሆናል፤ ይሳቁ። ግማሽ ሰዓት የገፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ይነዳል፤ ግማሽ ሰዓት የታበየ ግን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መኪና ይለምናል። ዳገቱን ስትጨርስ ላብህ ሳይደርቅ ጃኬትህን ልበስ። በየ1,000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ንፋሱ ሲጨመርበት አጥንት ይገባል። የዚያ አገር ሰው ባና የሚደርበው ለጌጥ አይደለም።

ሦስተኛው መውረድ ቁልቁለቱ ነው። በወጣትነቴ አንድ ቀን ከጉጉፍቱ ወደ ደሴ ስመለስ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ጨብጬ ወረድኩ። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ቸርኬው እንደ ምጣድ ግሎ የፊት ካላማዳሪዬ ፈነዳ፤ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጅ ሆነህ እየነካህ «ጋሼ ይሄ ምንድን ነው?» ትለኝ ነበር። አህያ እየነዳ የሚወርድ አንድ ገበሬ ነው ቁስሌን በነጠላው ጨርቅ አስሮ እስከ ከተማ ያደረሰኝ። ፍሬን ይዞ መልቀቅ ነው፤ አንዴ የፊቱን አንዴ የኋላውን፣ ጨበጥ ለቀቅ። ሽታ ከሸተተህ ቁም፣ ቸርኬው ይቀዝቅዝ።

ሳይክል የልጅ ጨዋታ ነው የሚልህ ካለ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም እንደነበሩ ንገረው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ግን እነሱን አይተህ አትሳሳት። ተወዳዳሪ ጎማው ቢፈነዳ ከኋላው ትርፍ ጎማ የጫነ መኪና ይከተለዋል። አንተን የሚከተልህ መኪና የለም፤ ያለህ የመንገዱ ዳር ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚያውቅህ ሰላምታ ከሰጠኸው ብቻ ነው።

አራተኛው መውረድ ስለ ሰላምታው ነው፣ ትልቁም እሱ ነው። አባቶቻችን በቅሎ ላይ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ለቀስተኛ ሲያገኙ ይወርዱ ነበር፤ ታላቅ ሰው ሲያገኙ ይወርዱ ነበር። በቅሎው ወደ ሳይክል ቢለወጥ ሥርዓቱ አልተለወጠም። ሬሳ ሲያልፍ ወርደህ ቁም፣ መስጊድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። የገበያ ቀን ከሆነ በአህዮቹ መሐል ደወል እያቃጨልክ አትለፍ፤ ውረድና «እንዴት ዋላችሁ» እያልክ ግፋ። ውሻ ቢያባርርህም ውረድ፤ የሚያናድደው የሚሽከረከረው ጎማ ነው፣ ሳይክሉን በአንተና በእሱ መሐል አድርገህ ስትራመድ ብዙ ጊዜ ይተውሃል። ልጆች ድንጋይ ቢያነሱ እንደ ጠላት አትሽሽ፤ ቀድመህ ሰላም በላቸው፣ ደወሉን ይንኩት። ድንጋዩ ያኔ ከእጃቸው ይወድቃል።

አቀስታን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ግባ። ፀሐይ ስትጠልቅ ውርጩም ጨለማውም አብረው ይመጣሉ። ቢመሽብህ ግን ያገኘኸው ቤት ደጃፍ ሂድ፤ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ማለት በእኛ አገር አያሳፍርም።

በማግስቱ ማታ መካነ ሰላም እኔ ደጅ ስትደርስ ደወልህን አትደውል። ውረድ፣ ሳይክሉን አጥሩ ላይ አስደግፈህ «ቤቶች!» በል። ውሃ ሞቆ ይጠብቅሃል።

ጋሼህ