ሐኪም እንደ ሻማ ቀልጦ ማለቅ ይገባዋልን?



በአገራችን ሰውን ስናመሰግን ከምንወዳቸው አነጋገሮች አንዱ «እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» የሚለው ነው። ይህ ምስጋና ከሁሉ ይልቅ ለመምህርና ለሐኪም ይሰጣል። በምረቃ ቀን ይነገራል፤ ልጃቸው የሕክምና ትምህርት ቤት በገባላቸው ወላጆች ቤትም ቡና ሲጠጣ ይነገራል። አነጋገሩ ያማረ ስለ ሆነ ግን ሳንመረምረው እናልፈዋለን። ለመሆኑ ሻማው ቀልጦ ካለቀ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በምን ያያሉ? ደግሞስ ሻማው እንዲቀልጥ የፈቀደው ማን ነው? ሻማ ራሱን አይለኩስም፤ ክብሪቱን የሚጭረው ሌላ ነው።

ዛሬ ላነሣው የወደድኩት ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ወይም የሕክምና ተማሪ ጤናውን፣ እንቅልፉንና የልቡን ሰላም እስኪያጣ ድረስ መሥራቱ ክርስቲያናዊ ተጋድሎ ነውን? ወይስ እኛ ተጋድሎ ብለን የሰየምነው ሌላ ነገር ነው? ጥያቄው የሩቅ አይደለም። ሕክምና የሚማሩ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው ሌሊቱን በየሆስፒታሉ የሚያድሩ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ኢንተርን የሚባለው ተማሪም ነው፣ ሠራተኛም ነው። ደም ይቀዳል፣ የሕመምተኛውን ታሪክ ይጽፋል፣ ያዋልዳል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ይሮጣል፣ አስታማሚ ሲያለቅስ ያጽናናል፤ ሰው ሲጠፋም ጋሪ ይገፋል። ጠዋት ገብቶ፣ ሌሊቱን ልጆቹ ዲዩቲ በሚሉት ተረኝነት አድሮ፣ በማግስቱ ደግሞ ከሲኒየሩ ጋር ራውንድ ዞሮ ሲወጣ 30 ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚሞላበት ጊዜ አለ። በራውንዱ ላይ ስለ አንድ ውጤት ተጠይቆ ቢደናገር በጓደኞቹና በሕመምተኛው ፊት ሊዋረድ ይችላል። ይሁንና ከሁሉ የሚከብደው ድካሙ አይመስለኝም። መድኃኒት ቢኖር፣ ኦክስጂን ቢኖር፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ አልጋ ቢገኝ ሊተርፍ ይችል የነበረ ሰው በእጁ ላይ ሲያልፍ ማየቱ ነው። ያንን ሰው ሸፍኖ ወደሚቀጥለው አልጋ ይሄዳል። ለማልቀስ የተመደበ ሰዓት የለምና።

ይህ ዓይነቱ መዛል በሊቃውንቱ ዘንድ ስም ካገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ በኒው ዮርክ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ያገለግሉ በነበሩ ሰዎች ላይ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1974 ጻፈ። ቶሎ የሚዝሉት ሰነፎቹ ሳይሆኑ እጅግ የሚተጉት መሆናቸውን እርሱ ያን ጊዜ አስተውሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ነገሩን ራሱን እንደ ቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ እንደሚመጣ ሁኔታ አድርጎ ሦስት ምልክቶቹን አስቀመጠ፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ሥራዬ ፍሬ የለውም ብሎ ማመን።

ሁለተኛውን ልብ በሉ። በሥነ ምግባር በኩል የሚያስፈራው እርሱ ነው። ሰውን ሊረዳ ብሎ የገባ ርኅሩኅ ልጅ ከዓመት በኋላ ሕመምተኛዋን «አልጋ ሰባት» ብሎ መጥራት ይጀምራል። በአልጋ ሰባት ላይ የተኛችው የአምስት ልጆች እናት ናት። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉን መሸከም ስላልቻለ ልቡን ዘጋ። እንግዲህ ከመጠን ያለፈ ሥራ ከሐኪሙ የሚወስደው እንቅልፉን ብቻ ሳይሆን ወደ ሙያው ያስገባውን ፍቅር ራሱን ነው። ተጋድሎ ፍቅርን ያሳድጋል እንጂ ያደርቃልን?

እዚህ ላይ ከእኛው መካከል የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው አልጸለዩምን? ቅዱሳን ሥጋቸውን እየጎሰሙ በኖሩባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እንቅልፍ ሰዓት መነጋገር አያሳፍርምን?» የሚል ይኖራል። ይህን የሚለውን ሰው አልንቀውም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንይ። ጻድቁ የሰጡት የራሳቸውን እግር ነው፤ በፈቃዳቸውም ሰጡት። አለቃ መድቧቸው፣ ተተኪ ጠፍቶ፣ ቢቀሩ ከትምህርት እንዳይባረሩ ፈርተው አልቆሙም። መሥዋዕት የሚባለው ሰው ወድዶ ያቀረበው ነው። ከሰው ላይ የተወሰደ ነገር ሌላ ስም አለው፤ እኛ ግን መሥዋዕት ብለን ስንጠራው የወሰደው ሰው ዕዳ ይሸፈንለታል። ሁለተኛም በጻድቁ እግር መጽናት ላይ የሌላ ሰው ሕይወት አልተንጠለጠለም ነበር። በሐኪሙ እጅ ላይ ግን ተንጠልጥሏል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያ ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ ወደ 0.10 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በተለመደው ረጅም ተረኝነት የሠሩ ኢንተርኖች፣ ሰዓታቸው ተቀንሶላቸው ከሠሩት ይልቅ 36 ከመቶ ያህል የበዙ ከባድ ስሕተቶችን ሠርተዋል። የሰከረ ሰው መኪና ቢነዳ እንከሰዋለን፤ ሰክሮ ወደ መቅደስ ሊገባ የሚደፍር ካህን ቢኖር እንከለክለዋለን። እንቅልፍ ያሰከረውን ሐኪም ግን «ጀግና» ብለን መርፌ እናስጨብጠዋለን። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣውና ሐኪሞች ቃል በሚገቡበት መግለጫ ላይ በ2017 አንድ አንቀጽ መጨመሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐኪሙ ለሌሎች የላቀ እንክብካቤ ይሰጥ ዘንድ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ ቃል ያስገባዋል።

«ገበሬውስ መቼ ያርፋል? እናቶቻችንስ?» የሚል ቢኖር፣ እውነቱን ነው። የእነርሱም ድካም ሊያሳዝነን ይገባል እንጂ ለሌላው ድካም ማስረጃ ሊሆን አይገባውም።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ጥያቄ ግን አለ። በአንድ የገጠር ሆስፒታል አንድ ሐኪም ብቻ አለ እንበል። ሁለት ሌሊት አልተኛም። በሦስተኛው ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። «የማረፊያ ሰዓቴ ነው» ሊል ይገባዋልን? እኔ አይገባውም እላለሁ፤ ይነሣ። በዚያች ሌሊት ከእርሱ ሌላ ሰው የላትምና። ስለ ዕረፍት የሚነገረውን ሁሉ ተቀብሎ እርሷን የሚተዋት ሐኪም ቢኖር የተቀበለው ነገር ምንም አይጠቅመውም። ነገር ግን አንዲት ሌሊት ሌላ ናት፤ ሌሊቱ ሁሉ እንደዚያች ሌሊት እንዲሆን ተደርጎ መዘጋጀቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የእርሱ ምግባር ነው። ሁለተኛው የሁላችን ኃጢአት ነው፤ ሰው የሚመድበው፣ በጀት የሚቆርጠው፣ አይቶም ዝም የሚለው። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት፣ ደግሞም በ2017 ዓ.ም. በግንቦት የአገራችን የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጥያቄ ባነሡ ጊዜ «ሐኪም እንዴት ስለ ገንዘብ ያወራል፤ ሙያው ቅዱስ አይደለምን?» ያልን ብዙ ነን። የተቋረጠ አገልግሎት ሕመምተኛን እንደሚጎዳ አይካድም፤ ስለዚያ ብቻ መከራከር ይቻል ነበር። ሙያው ቅዱስ ነው ብሎ ሠራተኛውን ዝም ማሰኘት ግን በቅድስና ስም ደመወዝ መከልከል ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ የጻፈውን የምታነቡ ታውቁታላችሁ።

ወደ ነቢዩ ኤልያስ እንመለከት። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ከድሉ ማግስት ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና ሞትን ለመነ። ሰነፍ አልነበረም፤ እምነትም አልጎደለውም። እኛ በዚያ ብንኖር ምን እንለው ነበር? «ጸሎትህን ጨምር» እንለው ነበር፤ «እንደ አንተ ያለ ሰው እንዲህ ይላልን?» እንለው ነበር። መልአኩ ግን አንድ የተግሣጽ ቃል አልተናገረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ፤ መልአኩም ተኛህ ብሎ አልተቆጣውም። ለሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰው፣ አበላው፣ መንገዱም እንደሚበዛበት ነገረው። ንግግሩ የመጣው ከ40 ቀን በኋላ በኮሬብ ነው። በኮሬብም ቢሆን እግዚአብሔር ለኤልያስ «ብቻዬን ቀረሁ» ለሚለው ልቅሶው የሰጠው መልስ 7000 ሰዎች እንዳሉ መንገርና ኤልሳዕን መስጠት ነበር። መብል፣ እንቅልፍ፣ ባልንጀራ፣ ሥራውን የሚረከብ ሰው። በዚህ ቅደም ተከተል።

ስለ ሞት መለመን ካነሣን አይቀር በግልጥ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27 ከመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ 11 ከመቶ ያህሉ ራሳቸውን ስለ ማጥፋት አስበው ነበር። ድባቴ ከታየባቸውም ሕክምና የፈለጉት 16 ከመቶ እንኳ አይሞሉም። የሕክምናን ደጅ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ለምን ይህ ሆነ? ስለሚያፍሩ ነው። በእኛም ዘንድ «አማኑኤል ሄደ» ማለት እንደ ስድብ ሆኖ የኖረ አነጋገር ነው። ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ እያስተማርን ልጆቻችንን ከሐኪም ማሸሽ አይስማማም። ጓደኛችሁ «መኖር ሰለቸኝ» ቢላችሁ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ።

ስለ ደጉ ሳምራዊም አንድ ነገር ልጨምር። ለሐኪሞች ሁልጊዜ የሚነገረው እርሱ ነውና። ሳምራዊው ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበ፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማደሪያም አድርሶ ጠበቀው። በማግስቱ ግን ሁለት ዲናር ለማደሪያው ጠባቂ ሰጥቶ መንገዱን ሄደ። ቁስለኛው እስኪድን ድረስ ከአጠገቡ አልነቃነቅም አላለም። አስረከበ። ይህን ስላደረገ ፍቅሩ ጎደለ የሚል ሰባኪ ሰምቼ አላውቅም። አባቶች ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን ይመስሉታል። እንግዲያስ ሐኪሙን ሳምራዊ ሁን ስንለው የምንውል እኛ፣ የማደሪያው ጠባቂነት የማን ድርሻ እንደ ሆነ ረስተነዋል ማለት ነው።

በእኛ ቤት ከሚደረገው አንዱን ልጥቀስ። አንድ የሕክምና ተማሪ ሦስት እሑድ ከቀረ «ቀዝቅዟል» ይባላል። መዝሙር ጥናት ባለመገኘቱ ስሙ ይነበባል። በመጣ ቀን ደግሞ የቀረበትን ለማካካስ ሁለት የአገልግሎት ክፍል ይሰጠዋል፤ ጎበዝ ነውና። ሆስፒታሉ የጫነበት ሳያንሰው እኛም በእግዚአብሔር ስም እንጨምርበታለን። ይህ ልጅ አልቀዘቀዘም፤ ደክሞታል። ስሙን ከማንበብ ይልቅ ሁለት ሰው ሄዶ በልቶ እንደ ሆነ ቢጠይቀው ይሻላል። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር ይነገረው እንጂ በራሱ ፍርድ እየተራበ ሌሊቱን አይደር።

አንዳንዶቹም ከሌሊት ተረኝነት ወጥተው ቤታቸው ሳይደርሱ በቀጥታ ወደ ጉባኤው ይመጣሉ። ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ትምህርቱ ሲጀመር ራሳቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያንቀላፋሉ። አስተባባሪዎች ሆይ፤ በክርናችሁ አትጎሽሟቸው፣ በመድረክም አትጥቀሷቸው። ጸበል ጸዲቁ እስኪቀርብ ይተኙ፤ ያን ጊዜ ቀስቅሷቸው።