ሳይቆፍሩ መፍረድ

ስሙ ሳይጻፍለት የሞተ ሰው ከእኛ የሚጠይቀው ነገር ይኖራል? «ሙት ደግሞ ምን ይጠይቃል!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ አይደለም።

ስለ ጥንታዊቷ ሮማ እርሻ ካቶ ጽፏል፤ ቫሮ ጽፏል፤ ኮሉሜላም ጽፏል። ሦስቱም ባለ ርስቶች ነበሩ። ቫሮማ የእርሻ መሣሪያን ለሦስት ሲከፍል ጋሪውን ድዳ፣ በሬውን ግማሽ አፍ ያለው፣ ባሪያውን ደግሞ የሚናገር መሣሪያ ብሎ መድቦታል። ይናገራል ተባለ እንጂ የተናገረውን ማን ጻፈለት? ትንሿን ማሳ በገዛ እጁ የሚያርሰው ድሃ ገበሬም ቢሆን የተሻለ ጸሐፊ አላገኘም።

እንግዲህ የቀረው ምስክር አፈር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 እስከ 2014 ኪም ቦውስ የምትባል ምሁርና ባልደረቦቿ፣ በኢጣሊያ፣ በቶስካና ግዛት፣ በቺኒጃኖ አካባቢ የሮማ ዘመን ድሃ ገበሬዎች የዋሉባቸውን ስምንት ቦታዎች ቆፈሩ። ቀድሞ ማሳ ላይ ጥቂት የገል ስብርባሪ ከተገኘ «እዚህ የአንድ ድሃ ጎጆ ነበረ» ይባልና ያበቃ ነበር። ሲቆፈር ግን አንዱ የውኃ ማፋሰሻ ቦይ፣ አንዱ መጭመቂያ፣ ሌላው የከብት መጠለያ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ገበሬው ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ የሚዘዋወር ሰው ኖሯል! እህልና የከብት መኖ እያፈራረቀ ይዘራ ነበር፤ ከገበያ የመጣ ደህና የሸክላ ሳህንም ነበረው።

ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጎጆ ውስጥ የከተቱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ምናልባትም አዝነውለት ይሆናል። ማዘንና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው። ባለ ርስቱ «መሣሪያ» አለው፤ አዛኙ «ምስኪን» አለው። ሁለቱም የነፈጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚያስብ ሰው መሆኑን።

«ለሙት የሚወጣው ገንዘብ በሕይወት ላለው ገበሬ ቢውል አይሻልም ወይ?» ቢባል ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁፋሮ የተራበ አያበላም። ነገር ግን በሞተው ገበሬ ላይ ሳይጠይቅ የሚፈርድ፣ ያለውንም ሳይጠይቅ ማዘዙ አይቀርም። ልማዱ አንድ ነውና።

ለሙት ያለብን ዕዳ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ገሉን አንስተን «ጎጆ ነበረ» ከማለታችን በፊት መቆፈር።