ድራመሩ ከሄደ በኋላ

አር.ኢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አባላት ለዓመታት ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ ከአራታችን አንዱ ከወጣ ባንዱ ያበቃል ይሉ ነበር። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ፣ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ባክ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ሚልስና ድራመሩ ቢል ቤሪ ዘፈኑን ማንም ያምጣው ማን፣ ድርሰቱን በአራቱም ስም ያስመዘግቡ ነበር። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ማን ምን እንደሠራ ከውጭ ሆኖ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ አባላቱም እንዲለይ አልፈለጉም።

ቃሉ የተፈተነው በስዊዘርላንዷ ሎዛን ከተማ በጀመረው መከራ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1995 ቤሪ መድረክ ላይ ሳለ አንጎሉ ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ፈነዳ። እዚያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ከበሮው ተመለሰ። በ1997 መጸው ግን መውጣት እንደሚፈልግ ለጓደኞቹ ነገራቸው። መውጣቱ ባንዱን የሚያፈርስ ከሆነ ግን እቆያለሁ አለ። ጓደኞቹም እያዘኑ አሰናበቱት። እሱ ጆርጂያ ወደሚገኘው እርሻው ገባ፤ ሦስቱ ቀጠሉ። ስታይፕ በዚያን ሰሞን፣ ሦስት እግር የቀረው ውሻም ያው ውሻ ነው፣ አሯሯጡን ግን እንደ አዲስ መማር አለበት የሚል ሐሳብ ተናግሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የወጡት አምስት የስቱዲዮ አልበሞች፣ ከ1983ቱ «መርመር» ጀምሮ ባንዱን ሲከተል የኖረውን አድማጭ ከባድ ጥያቄ ላይ ጣሉት። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ አንዱ ይወደዋል፣ ሌላው አይወደውም። ቀረብ ብሎ ላየው ግን የፍልስፍና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች እነዚያ ናቸው? ካልሆኑ ቅሬታው የሚቀርበው ለማን ነው? ከሆኑስ አድናቂው የሚከሳቸው በምን መብት ነው?

የማንነቱ ጥያቄ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፕሉታርክ ስለ ቴሴውስ መርከብ ሲያወጋ፣ የአቴንስ ሰዎች የበሰበሰውን ሳንቃ እያወለቁ በአዲስ ሲተኩ ኖረው፣ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ በሚል ፈላስፎች ሁለት ቦታ እንደተከፈሉ ይነግረናል። የአር.ኢ.ኤም. የትውልድ ከተማም አቴንስ ትባላለች፤ የጆርጂያዋ አቴንስ። ሆኖም የመርከቡ ጥያቄ እዚህ ብዙ አያራምድም። ሳንቃ ደክሞኛል ብሎ አይሄድም፤ የቀሩት ሳንቃዎችም ጓደኛቸው ስለተለየ አያዝኑም። ባንድ ሲጎድል የሚጎድለው የአንድ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። የቀሩት ሦስቱ እርስ በርስ የሚደማመጡበት መንገድ አብሮ ይለወጣል፤ ስለዚህ ያልሄዱትም በከፊል ሄደዋል ማለት ይቻላል።

ይህ ባንድ ደግሞ አጀማመሩ ራሱ የቅርብ ሰዎች ነገር ነበር። አራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የተጫወቱት ኤፕሪል 5 ቀን 1980፣ ስታይፕና ባክ ተከራይተው ይኖሩበት በነበረ አገልግሎቱን ያቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ለአንዲት ጓደኛቸው ልደት ነው። ከሕንፃው ዛሬ ቆሞ የሚታየው የደወሉ ማማ ብቻ ነው፤ አድናቂዎች ግን አሁንም እየሄዱ ያዩታል። አንዳንዶቹ ከመሳለም በማይተናነስ ስሜት ይሄዳሉ። ይህን ማቃለል አይገባም። ሰው በወጣትነቱ ብቸኝነቱን ያስረሳውን ድምፅ የተነሣበትን ቦታ ማየት ቢፈልግ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አደጋው የሚመጣው ያ ቦታና ያ ዓመት የድምፁ ሁሉ መለኪያ ሲሆኑ ነው።

መለኪያው ደግሞ ከአድናቂ አድናቂ ይለያያል። በ1986 «ላይፍስ ሪች ፓጀንት» ሲወጣ ፕሮዲውሰሩ ዶን ጌማን ስታይፕን ቃላቱን አጥርቶ እንዲዘፍን ገፋፍቶት ነበር፤ ያን ማጉረምረም የወደደ ሰው ገና ያኔ ቅር ሊለው ይችል ነበር። በ1988 ባንዱ ከትንሹ አሳታሚ ከአይ.አር.ኤስ. ወጥቶ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ሲሄድ፣ የኢንዲ ሮክን ነጻነት እንደ እምነት የያዘ ሰው ተከዳሁ አለ። በ1991 «አውት ኦፍ ታይም» አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሲወጣ፣ የጥቂቶች ምስጢር የሁሉም ሆነ ብሎ የተከዘም አለ። ባንዱን ያገኘው በዚያው በ1991 ከሆነ ደግሞ ውድቀቱን የሚቆጥረው ከቤሪ መውጣት ነው። እንግዲህ ባንዱ አንድ ሆኖ ሳለ ውድቀቱ አራት ጊዜ ተቆጥሯል። እያንዳንዱም ውድቀት የሚጀምረው አድማጩ ከገባ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 11ኛ መጽሐፍ ስለ ጊዜ ሲመራመር ምሳሌ ያደረገው ዝማሬን ነው። ሰው የሚያውቀውን መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ተስፋው በመዝሙሩ ሁሉ ላይ ይዘረጋል፤ እየዘመረ ሲሄድ የተስፋው ድርሻ እያነሰ፣ የትዝታው ድርሻ እየበዛ ይመጣል ይላል። ለአንድ መዝሙር የተባለው ለአንድ ሰው የሃያ ዓመት አድማጭነትም ይሠራል። የቆየ አድናቂ አዲስ አልበም ሲከፍት የሚሰማው የሚጫወተውን ብቻ አይደለም። ተስፋው በሙሉ ከትዝታ የተሠራ ስለሆነ፣ የሚሰማውን ከማያገኘው ጋር እያስተያየ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቅር መሰኘት ብቻውን ስለ አልበሙ የሚመሰክረው ነገር ጥቂት ነው።

ዴቪድ ሂዩም በ1757 ባሳተመው የጣዕም መለኪያን በሚመረምር ድርሰቱ ሌላ ነገር ይጨምራል። ሰው በሃያ ዓመቱ ኦቪድን፣ በአርባ ዓመቱ ሆራስን፣ በሃምሳ ዓመቱ ምናልባት ታሲተስን ይመርጣል፤ የራስን የዕድሜ ዝንባሌ መዋጋትም ከንቱ ድካም ነው ይላል። ሂዩም ያነሳቸው ደራሲዎች ግን ሙታን ናቸው፤ መጻሕፍታቸው አይለወጡም። የባንድ አድናቂ ፈተና የሚከብደው እሱም እነሱም አብረው ስለሚያረጁ ነው፤ የጎደለው በየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የቆመ ምልክት የለውም። የመክብብ መጽሐፍም የቀድሞው ዘመን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ አይቆጥረውም። ዛሬው ይሻላል ግን አላለም።

እና ቅሬታው ሁሉ የትዝታ ጨዋታ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ የአር.ኢ.ኤም. ታሪክ ከብዙ ባንዶች ታሪክ የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በጣም የሚለያዩ ሁለት አልበሞች በአድናቂዎች አፍ «የኋለኞቹ» ተብለው አንድ ላይ ይጣላሉ።

አንዱ የ1998ቱ «አፕ» ነው። የቤሪ ቦታ በአዲስ አባል ሳይተካ የድራም ማሽንና ኪቦርድ ገቡበት። ሥራው ላይ ባንዱ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ከዚህም ሌላ አር.ኢ.ኤም. የዘፈኖቹን ግጥም በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በአልበም ላይ ያተመው በዚህ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። አድማጩ ለአሥራ አምስት ዓመት የስታይፕን ቃል ሲገምት፣ ያልሰማውን ከራሱ እየሞላ ሲዘፍን ኖሯል፤ ግምቱ የዘፈኑ አካል ሆኖ ነበር። የታተመው ወረቀት ያን ተካፋይነት ወሰደበት። ግን ደግሞ ዘፋኙ የሚለውን በግልጽ ሊያስይዝ የደፈረበት ወረቀት ነው። «አፕ» ቀዝቃዛና ረጅም አልበም ነው፤ ቢሆንም እየፈለጉ የሚጫወቱ ሰዎች ድምፅ ይሰማበታል። ጉድለቱ የሐዘንተኛ ቤት ጉድለት ነው።

ሌላው የ2004ቱ «አራውንድ ዘ ሰን» ነው። በጥንቃቄ የተቀዳ፣ ዜማው የተስተካከለ፣ ስህተት የማይገኝበት አልበም ነው። ከ1988 ወዲህ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሳይገባ የቀረ የመጀመሪያው የስቱዲዮ አልበማቸውም ሆነ፤ ይህ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ባክ በኋላ በአደባባይ የተናገረው ነው። አልበሙ የሚደመጥ እንዳልሆነ፣ በሥራው እስከ አንገታቸው የሰለቹ ሰዎች የሠሩት መሆኑ እንደሚያስታውቅ አልሸሸገም። አድናቂው ያለ ማስረጃ የጠረጠረውን ጊታር ተጫዋቹ መሰከረለት።

እንግዲህ የአድናቂው መብት ያለው እዚህ ነው። ትናንትን መልሱልኝ የማለት መብት የለውም፤ ሲዲውን ገዝቷል፣ ሙዚቃውንም ተቀብሏል፣ ዕዳ አልቀረም። እዚያው ሳላችሁ የላችሁም የማለት መብት ግን አለው። ሰው ለሚወደው ሰው እንኳ የሚያቀርበው ትክክለኛው ክስ ይኸው ነው፤ ተለወጥክ ብሎ መክሰስ ግፍ ነው፣ ከእኔ ጋር እያለህ ልብህ ሌላ ቦታ ነው ማለት ግን እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን ክስ ለማቅረብ ደግሞ አብሮ መቆየትና ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሰምቶ የተወው ሰው ለውጥን ከመሰላቸት ሊለይ አይችልም።

ባንዱም ክሱን የሰማ ይመስላል። በ2007 ክረምት ደብሊን ውስጥ ኦሊምፒያ ቲያትር አምስት ምሽት ተጫወቱ፤ የሥራ ልምምድ አሉት እንጂ ኮንሰርት አላሉትም። ገና ያላለቁ ዘፈኖችን ሰው ፊት ሞከሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቆዩትንም አብረው ተጫወቱ። ከዚያ የወጣው «አክሰለሬት» በ2008 ሲታተም ከአርባ ደቂቃ ያነሰ፣ የሚጣደፍ አልበም ነበር። ከ«መርመር» ጋር አይስተካከልም። የተኛ ሰው ግን የለበትም።

በሴፕቴምበር 2011 ተለያዩ። በጁን 2024 ኒው ዮርክ ውስጥ የዘፈን ደራሲዎች የክብር አዳራሽ ሲቀበላቸው አራቱም፣ ቤሪም ሳይቀር፣ ተሰብስበው አንድ ዘፈን ተጫወቱ። ብዙ አድናቂ ለቱር መነሻ ይሆናል ብሎ ተመኘ፤ እነሱ እንደማይመለሱ ተናገሩ። «አራውንድ ዘ ሰን»ን የሚያስታውስ አድማጭ ይህን እምቢታ ሊያከብርላቸው ይገባል። «አፕ»ን በ1998 አንዴ ሰምቶ መደርደሪያ ላይ የተወው ደግሞ ፍርዱን እንደገና ቢያየው ይሻላል፤ ያኔ ጆሮው የሚጠብቀው የቤሪን ከበሮ ስለነበር፣ ሦስቱ የሚጫወቱት ገና አልተሰማለትም።